መተርኮሻ ሥር የተደበቁ ሦስት ካርታዎች

ባሌ ደልበርት ካርታ መቁጠር ልማር ብሎ የተነሳው የመዳብ ማዕድኑ ተዘግቶ ቤት መዋል ከጀመረ በኋላ ነው። ሥራ የለመደ ወንድ ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል የደረሰባት ታውቀዋለች። መጀመሪያ የኩሽናዬን መሳቢያ ሁሉ አውጥቶ እንደገና ገጠመው፤ ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ስፈልግ የማገኘው ሹካ ነው። ቀጥሎ ማንም ያልጠየቀውን የጓሮ በር "ላስተካክል" ብሎ በትከሻ ካልተገፋ እንዳይከፈት አደረገው። ከዚህ በኋላ ደግሞ ምን ያመጣ ይሆን እያልኩ ስሰጋ፣ ያ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰውዬ መጣ።

ሰውዬው ከላስ ቬጋስ ወደ ሰሜን ሲያልፍ የመኪናው ራዲያተር እኛው ከተማ፣ ሶዳ ክሪክ መግቢያ ላይ ፈነዳበት። ደልበርት ዕድሜውን በሙሉ የማዕድን ማሽን ሲጠግን የኖረ ስለሆነ ግማሽ ቀን ለፍቶ አበጀለት። ሒሳብ ሲባል ሰውዬው ኪሱን ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ "ገንዘብ እንኳ አልያዝኩም። ግን ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ልስጥህ። የትኛውንም ካዚኖ የምትበላበትን ዘዴ አስተምርሃለሁ" አለው። ደልበርትም እጁን ጠርጎ ጨበጠው። እራት ላይ፣ ካዚኖ ሁሉ የሚበላ ሰው ለራዲያተር የሚከፍለው እንዴት አጣ ብዬ ብጠይቅ፣ "አንቺ ደግሞ ነገር ካላከረርሽ አይሆንልሽም!" ተባልኩ። እኔ ነኝ እንግዲህ ነገር አክራሪዋ።

በማግስቱ ጠዋት የቁርሱን ሳህን በክንዱ ገፋ አድርጎ ካርታ ዘረገፈ።

"ስሚ ኦፓል፣ ሃያ አንድ የሚሉትን ቁማር ስንጫወት ካዚኖው የሚበላን ለምን መሰለሽ? የወጣውን ካርታ ስለማናስታውስ ነው። ከሁለት እስከ ስድስት ያሉት ትናንሾቹ ሲወጡ አንድ ትደምሪያለሽ። አስሩ፣ ጃኩ፣ ንግሥቲቱ፣ ንጉሡና አሱ ሲወጡ አንድ ትቀንሻለሽ። ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝን እንዳላየሽ ታልፊያለሽ። ድምሩ ፕላስ ሆኖ ከፍ ካለ ለተጫዋች የሚበጁት ትልልቆቹ ገና ክምሩ ውስጥ ናቸው ማለት ነው፤ ያኔ ከፍ አድርገሽ ትመድቢያለሽ። ማይነስ ከሆነ ትንሽ መድበሽ አርፈሽ ትቀመጫለሽ። በቃ፣ ይኸው ነው!"

"ይኸው ከሆነ ሁሉም ሰው ለምን አያደርገውም?"

"ጭንቅላት ይፈልጋላ!" አለና የራሱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ድምፁን ሰምቼ ዝም አልኩ።

ልምምዱ እንዲህ ነበር፦ እኔ ካርታውን አንድ በአንድ እገለብጣለሁ፣ እሱ በሆዱ ይቆጥራል፣ ሲያልቅ ድምሩን ይነግረኛል። ካርታው ሙሉ ከሆነ ትናንሾቹና ትልልቆቹ እኩል ስለሆኑ መጨረሻው ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ደልበርት አንድ ቀን ማይነስ ስድስት፣ አንድ ቀን ፕላስ ዘጠኝ ይለኛል። በኋላ ላይ መልሱ ዜሮ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ኮርኒሱን እያየ ጨርሶ "ዜሮ!" ማለት ጀመረ። እኔም ሞኝ አይደለሁ፤ ከመጀመራችን በፊት ጥቂት ካርታ እያወጣሁ የስኳር ዕቃው ሥር መደበቅ ያዝኩ። ተናደደብኝ። ገላጋይ የለ፣ ሁለታችን ብቻ ኩሽና ውስጥ ስንጨቃጨቅ እንውላለን።

ትልቁ ችግሩ ሌላ ነው። አጠገቡ ማንም ሰው ማንኛውንም ቁጥር ካነሳ የያዘው ይጠፋበታል። ሬዲዮው ስለ ሙቀቱ ሲናገር ይጠፋበታል። ልጃችን ሎሪን መጥታ "እማዬ፣ እንቁላል ስንት ልግዛ?" ስትል ይጠፋበታል። በመጨረሻ ዘዴ አገኘሁ አለ፤ ፕላስ ሲሆን በቀኝ ቡትስ ጫማው፣ ማይነስ ሲሆን በግራው ወለሉን መታ እያደረገ ሊይዘው። ከዚያ በኋላ የኩሽናዬ ወለል ላይ ፈረስ የታሰረ ይመስል ነበር።

እኔ ካርታ መቁጠር ተምሬ አላውቅም፤ ይሄን ከአሁኑ ያዙልኝ። እኔ የገለበጥኩት ሳህን እያጠብኩ፣ ድንች እየላጥኩ፣ እሱ የት ላይ እንደሳተ ልነግረው ብዬ ነው። የሚሳሳት ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ዝም ማለት አልችልም፤ እናቴም እንዲህ ነበረች። የጎረቤት ልጅ ፒያኖ ስትለማመድ ዜማው ሳትፈልጉት ጆሯችሁ ውስጥ ይቀር የለ? እንደዚያ ሆኖ ቀረብኝ። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ስንዘምር እንኳ የገጹን ቁጥር አይቼ ፕላስ ነው ማይነስ ነው እላለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለምን ተው እንዳላልኩት ትጠይቁኝ ይሆናል። አዘንኩለታ። በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ "ደልበርት፣ እባክህ ይቺን ጠግንልኝ" ይለዋል እንጂ፣ አንድም ሰው "ደልበርት መጣ፣ ተጠንቀቁ" ብሎት አያውቅም። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ሰው እንዲፈራው ፈልጎ ነበር። ቆይቶ ሊበርድ የሚችል ምኞት ነው ብዬ ተውኩት።

ሶዳ ክሪክ ውስጥ ያለን ካዚኖ ኮፐር ቤል ብቻ ነው። ቁርስ የሚበላው እዚያ ነው፣ የቀብር ምሳ እዚያ ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቢንጎ እዚያ ነው። የሎሪንም ሠርግ የተያዘው እዚያው፣ ከቁማር ጠረጴዛዎቹ በስተጀርባ ባለው አዳራሽ ነው፤ ሌላ አዳራሽ የሚባል ነገር ተራራውን ተሻግሮ ነው ያለው። ባለቤቱ ሮስኮ ታገርት ከኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ካዚኖውን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው። ከአባቱ ያልወረሰው እርጋታውን ነው። ከላስ ቬጋስ የሚመጣ ሌባ ቤቴን ያራቁተዋል እያለ ሲባንን የሚኖር፣ እንዲህ ያለውን ሌባ በዓይኑ አይቶ ግን የማያውቅ ሰው።

ደልበርት የመጀመሪያ ቀን ሲሄድ ምን አድርጎ እንደሄደ ልንገራችሁ? ጥቁር መነጽር አደረገ፤ ጺም ለጠፈ። ሰውዬው ቆጣሪ ማንነቱን መደበቅ አለበት ብሎታል። ልጅ ሆኖ በሮጠበት ከተማ፣ ውሻው እንኳ በኮቴው በሚያውቀው ከተማ ጺም ለጥፎ ገባ! ካርታ አዳይዋ ዋንዳ ጓደኛዬ ናት፤ ካርታዋን በውዛ እያደለች፣ "ደልበርት፣ ጺምህ ቢራህ ውስጥ ገብቷል" አለችው። ጠረጴዛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ጺሙን ከቢራው አውጥቶ ኪሱ ከተተና መቁጠሩን ቀጠለ።

እንዲህ እየሄደ በየጊዜው ተበላ። ብዙ አይደለም፤ የሚመድበው ትንሽ ስለሆነ የሚበላበትም ትንሽ ነው። ሮስኮም የደልበርት ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያየ ጸሎት መስሎት አልፎት ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን የሆነው ሆነ። ደልበርት አዲስ ቡትስ ገዝቶ ነበር፤ የግራው ስለጠበበው እግሩን አነባብሮ ተቀመጠና የትኛው ቀኝ፣ የትኛው ግራ እንደሆነ ጠፋበት። ማይነሱን ፕላስ አድርጎ ያዘው። ትንሽ መመደብ በሚገባው ሰዓት በገንዘብ ፋንታ የሚመደበውን ክብ ፕላስቲክ፣ ያለውን ሁሉ ገፍቶ መደበ። በላ። ደገመ፤ በላ። ጠረጴዛውን ከበው የቆሙት ሰዎች ማጨብጨብ ሲጀምሩ ሮስኮ ሱሪ ማንጠልጠያውን እየሳበ መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገው።

እዚህ ኔቫዳ ቆጣሪ ሲባረር የሚባል ነገር አለ። ሮስኮ ይሄን ለማለት ሃያ ዓመት ሲለማመድ የኖረ ይመስለኛል፤ ድምፁ ራሱ ተቀየረ አለችኝ ዋንዳ። "ጌታዬ፣ ጨዋታህ ለዚህ ቤት ይከብዳል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት በየትኛውም በር ከገባህ ያለ ፈቃድ እንደገባህ ይቆጠራል፤ ሸሪፉ ይወስድሃል።"

ደልበርት እየተንሳፈፈ ቤት ገባ። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት ሎሪን የተወለደች ቀን ብቻ ነው።

"ኦፓል! ተባረርኩ!"

"ምን ሆነህ?"

"ከበድኳቸው! ሮስኮ ራሱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጨዋታህ ለዚህ ቤት ይከብዳል አለኝ! በየትኛውም በር እንዳልገባ!" ማሽን ጆሮውን ስላደነቆረው መናገር ማለት ለእሱ መጮኽ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ መስኮት ከፈቱ።

"በየትኛውም በር?"

"በየትኛውም!"

"የአዳራሹም በር ጭምር?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበረባችሁ። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ቀስ እያለ ወረደ። ባርኔጣውን አወለቀ። "ሎሪን" አለ፣ እሱ በዝግታ የተናገራት የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ልጃችን በሚቀጥለው ወር ልትዳር፣ የጥሪው ካርድ ተልኮ አልቆ፣ አባትየው አዳራሹ ውስጥ እግሩን ቢያስገባ በካቴና ሊወሰድ! ወይ አበሳዬ! የያዝኩትን የድስት ክዳን ወረወርኩት። አልመታሁትም፤ ልመታውም አልፈለግሁም፤ መሬቱን ነው።

በነጋታው ሮስኮ ዘንድ ሄድኩ።

"አንተ ሮስኮ፣ ደልበርት እኮ መቁጠር አይችልም። ካልሲውን እንኳ ጥንድ አድርጎ መልበስ ያቅተዋል።"

"ሚስት እንግዲህ እንዲህ ካላለች ምን ትላለች?" አለኝ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ። "እኔ ይሄን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ኦፓል። ሲቆጥር በዓይኔ አይቻለሁ።"

"መቁጠሩንማ ይቆጥራል! የሚቆጥረው ግን ስህተት ነው። ፈትነውና እይ። ካወቀ አባረው፣ ካላወቀ ልጁን ይዳርበት።"

ሮስኮ አገጩን አሸት አሸት አድርጎ አሰበበት። ሐሳቡን የወደደው ራሱ ፈታኝ መሆኑን ስለወደደው ነው፤ እሱን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ሐሙስ ጠዋት፣ ቤቱ ጭር ሲል አምጪው አለኝ።

ደልበርት እምቢ አለ። "ደደብ መሆኔን ላሳይ ልሂድ? ሰው ሲፈራኝ አንዴ እንኳ ሳላጣጥመው?" ብሎ ጋራዥ ገብቶ ዘጋ። እኔ ብለምነው አልወጣ አለ። ሎሪን መጣችና በሩ ላይ ቆማ፣ "አባዬ፣ ክንድ ማን ይሰጠኛል? ብቻዬን ልግባ?" አለችው። ምንም አልጮኸችም፤ እኔ ብሆን እጮኽ ነበር። በሩ ተከፈተ።

"እሺ" አለ ደልበርት። "እሄዳለሁ። አውቄ እሳሳታለሁ።"

"አውቀህ መሳሳት አያስፈልግህም፣ የኔ ጌታ" አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ዋንዳ ጠረጴዛዋ ኋላ ቆመች። ደልበርት ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ እኔና ሎሪን ከኋላው ቆምን። ወለል የሚያጸዱትና ቁርስ የሚያበስሉት ሳይቀሩ ሊያዩ መጡ። ሮስኮ ካርታውን በወዘና ሦስት ፍሬ፣ ራሱም ሳያያቸው፣ ከላይ አንስቶ መተርኮሻው ሥር ከተታቸው። ዋንዳ የቀረውን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመረች። እጇ ፈጣን ነው። የደልበርት ቡትስ ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ ግራ፣ ግራ ቀኝ ይላል። ወደ መሃል ላይ ዋንዳን ሳል ያዛትና ሁለት አራቶች ተጣብቀው ወጡ፤ ወዲያው ሌላ ካርታ አለበሰቻቸው። ካርታው አለቀ።

"እህስ?" አለ ሮስኮ።

ደልበርት ጉሮሮውን ጠራረገ። "ማይነስ አሥራ አንድ።"

መጀመሪያ የሳቀችው ዋንዳ ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። የተደበቁት ሦስት ካርታዎች ብቻ ሲሆኑ ድምሩ ከሦስት ሊያልፍ እንደማይችል አብሳዩ እንኳ ያውቃል። ሎሪን ከኋላ አቅፋ አናቱን ሳመችው። ደልበርትም ዙሪያውን እያየ፣ "አውቄ ነው፣ አውቄ ነው" ይላል። እፎይ አልኩ። እዚህ ላይ ሁላችንም ኮታችንን ለብሰን ብንወጣ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር።

ሮስኮ ግን ዝም ማለት መቼ ይችላል? "እኔም አብሬ ስቆጥር ነበር" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ልምድ ማለት ይሄ ነው። ትክክለኛው ፕላስ አንድ ነው።"

ምላሴ በላዬ ላይ ነገሠ፤ ሌላ ምን ልበላችሁ። ሰው ፊቴ ቆሞ ሲሳሳት፣ ያውም በስህተቱ ሲኮራ!

"ፕላስ ሁለት ነው!" አልኩ። "ዋንዳ ስታስል ሁለት አራት ተጣብቆ ወጥቷል፤ አንተ ያየኸው አንዱን ብቻ ነው። መተርኮሻው ሥር ያሉት ሁለቱ ከትልልቆቹ ናቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሰባት፣ ከስምንት፣ ከዘጠኝ አንዱ ነው። አንሳና እይ!"

ሮስኮ መተርኮሻውን አነሳ። ንጉሥ። አስ። ስምንት።

ማንም አልሳቀም። አብሳዩ ቆቡን አወለቀ። ደልበርት ወንበሩ ላይ ዞሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደማያውቀኝ ሰው ያየኛል። ሮስኮ ካርታዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ሠራተኞቹን አየ። ቀላ።

"ደልበርት፣ በፈለግህ ጊዜ ግባ፤ የመጀመሪያው ቢራ በኔ ነው" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ያንን ድምፁን አወጣ። "እመቤት፣ ጨዋታሽ ለዚህ ቤት ይከብዳል።"

"የምን ጨዋታ? እኔ በሕይወቴ አንድ ሳንቲም መድቤ አላውቅም!"

"እሱ ነው ያስፈራኝ" አለ ሮስኮ። "ከዛሬ ጀምሮ በየትኛውም በር…" ብሎ እስከ ሸሪፉ ድረስ ጨረሰው።

ሎሪን ለመነችው፣ ዋንዳ ለመነችው። ሠራተኞቹ ፊት ያለውን ቃል ማጠፍ ለሮስኮ ሞት ነው፤ እኔም ያንን መተርኮሻ አናቱ ላይ ልሰብርበት ነበር ማለቴ አልጠቀመኝም። በደልበርት ፒካፕ ወደ ቤት ተመለስን። ልንደርስ ስንል መንገዱን እያየ፣ "መቼ ነው የቆጠርሽው?" አለኝ።

"አንተ ስትቆጥር።"

"ድንች እየላጥሽ?"

"ድንች እየላጥኩ።"

እራቱን ሳይበላ ተኛ። አልፈርድበትም። ሰው እንዲፈራው ለፍቶ ለፍቶ የተፈራሁት እኔ ሆንኩ፤ ለእሱ የተረፈው ነፃ ቢራ ነው። ጎረቤት ሲጠይቀው ግን "እኔ አውቄ ነው የሳትኩት፣ ለልጄ ብዬ" ይላል። ይበል ብዬ ተውኩት፤ እኔ የማስበው የልጄን ሠርግ ከሜዳ ላይ ቆሜ ማየቴን ነበር፤ ስለዚያ እያለቀስኩ ስንት ሳህን ሰበርኩ።

የሠርጉ ዕለት ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን አድርጌ ከመንገዱ ማዶ፣ የክላይድ ጎሚስታ ፊት ተቀመጥኩ። የኮፐር ቤል መኪና ማቆሚያ የሮስኮ ነው፤ አስፋልቱ ግን የመንግሥት ነው፣ ጎሚስታው የክላይድ ነው። ክላይድ ወንበር ሰጠኝ፤ ጨርቅ አንጥፎበት። ንፋሱ ባርኔጣዬን ሊወስደው ይታገላል። እንግዳው እየመጣ እጁን ያውለበልብልኛል፤ እኔም አውለበልባለሁ፣ ደኅና እንደሆነ ሰው። ደኅና አልነበርኩም። ያሳደግኳት ልጅ ነጭ ለብሳ ከመኪና ስትወርድ የቀሚሷን ጫፍ የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ የያዘችላት ዋንዳ ናት።

ደልበርት ለሎሪን ክንዱን ሰጣት። ሮስኮ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በሩን በሰፊው ከፍቶላቸው ቆሟል። ደረጃውን ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ደልበርት ቆመ።

"ሮስኮ!" አለ። ሁሉን ከማዶ ሆኜ ሰማሁ፤ ያ የጆሮው መደንቆር አንድ ቀን ጠቀመኝ። "ሮስኮ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ መቁጠር አልችልም። ማይነስ አሥራ አንድ ያልኩህ አውቄ አይደለም፤ ከልቤ ነው። ያን ቅዳሜም የበላሁት ቡትሴ ተሳስቶብኝ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ይስማኝ፣ አልችልም! የምትችለው ሚስቴ ናት። እሷ ለቤትህ ከከበደች እኔ የእሷ ባል ነኝ፤ አብሬ ከብጃለሁ።"

ይሄን ብሎ ልጁን ይዞ ዞረ። ደረጃውን ወረዱ፣ መኪና ማቆሚያውን አቋረጡ፣ አስፋልቱ ላይ ሲወጡ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ፍሬን ይዞ ቆመላቸው። ሙሽራው አንቶን ተከተለ፣ ፓስተሩ ተከተለ፣ ቀጥሎ ከተማው በሙሉ ተከተለ። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ምን እንደምሠራ ጠፍቶኝ ቆሜያለሁ። ደልበርት አጠገቤ ሲደርስ ላቡን እየጠረገ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ባርኔጣሽን ያዢ፣ ሊሄድብሽ ነው" አለኝ። በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ቢለኝ ኖሮ መሬት ላይ እቀመጥ ነበር።

ልጄ አሮጌ ጎማ በተከመረበት፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ክላክስ እየጮኸላት ተዳረች። ፓስተሩ ድምፁ እንዲሰማ የክላይድ መሰላል ላይ ወጣ። አንቶን ቀለበቱን ሊያወጣ ከኪሱ ጋር ሲታገል በቅርብ አየሁት፤ ከዚህ የቀረበ ቦታ በየትኛውም አዳራሽ አላገኝም ነበር።

ሮስኮ ከማዶ ቆሞ ቆየ። የተጠበሰው ሥጋ አዳራሹ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው፤ ገንዘብ በሚገባበት ቅዳሜ ጠረጴዛዎቹ ላይ ሰው የለም። በመጨረሻ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አስፋልቱን ተሻገረ።

"ኦፓል፣ ለአዳራሹ ብቻ። ለዛሬ ብቻ።"

"እኔ ማነኝ? እስቲ መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።"

"ጨዋታሽ ይከብዳል" አለ በጥርሱ።

"ጮክ በልለት፣ ደልበርት አይሰማም።"

"ጨዋታሽ ይከብዳል!" አለ ሮስኮ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። "ግን ወደ አዳራሹ የሚኬደው በጠረጴዛዎቹ መሃል ስለሆነ ዓይንሽ ይሸፈናል። ጠረጴዛ አታዪም። ይሄን እንቢ ካልሽ እኔም እንቢ።"

"እኔ እሸፍንላታለሁ" አለ ደልበርት።

እንዲህ ሆነን ገባን። ሮስኮ ከፊት እየመራ፣ ሙሽሮቹ ከኋላ፣ ባሌ ከጀርባዬ ሆኖ መዳፉን ዓይኔ ላይ አድርጎ እየገፋኝ። የደልበርት ጣቶች በማሽን ብዛት የተጣመሙ ናቸው፤ በመሃላቸው ሰፊ ቀዳዳ አለ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ዙር ነበር፤ ሰዎቹ ሠርጉን ሊያዩ ሲወጡ ካርታው ሁሉ እንደተገለበጠ ቀርቷል። ደልበርት እርምጃውን ቀነስ አደረገ። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ተሰማኝ።

"ስንት ነው?" አለኝ።

"ዝም በል፣ ሮስኮ ይሰማሃል።"

"ስንት ነው፣ ኦፓል?"

"ፕላስ ሦስት" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ አገጩ ባርኔጣዬን ሲነካው አወቅሁ። "እኔም ያልኩት ያንኑ ነው" አለ።

የግራ ቡትሱ፣ የማይነሱ፣ ወለሉን ሲመታ ግን ሰምቼዋለሁ። በሕይወቴ አንዴ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ።